ያልታደሰ መዝገብ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ መሬት መዝገብ ነው። በየገበሬው ቤት ሣጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ የይዞታ ደብተር አለ፤ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ደግሞ ደብተሩ የተቀዳበት ባሕር መዝገብ አለ። ስለ መሬት ምዝገባ ሲነሳ ሪፖርቱም ስብሰባውም የሚጠይቀው «ስንት ሰው ደብተር ወሰደ?» ብሎ ነው። ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ስምና ማሳውን ዛሬ የሚያርሰው ሰው አንድ ናቸው ወይ? የዝግጅታችን ሐሳብም ባጭሩ ይህ ነው፦ የመሬት መዝገብ የሚታመነው ከተጻፈ በኋላ የመጣውን ለውጥ ሁሉ በጊዜው ከተቀበለ ነው። ለውጡን ያልተከተለ መዝገብ ባለመብቱን ከመጠበቅ ይልቅ ባለመብቱ ላይ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብበት ቀን ይመጣል።

መሬትን በጽሑፍ መያዝ በእኛ በሰሜን ወሎ ለሚገኘው ለላስታ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ላሊበላ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጣቸው መሬቶች በወንጌል መጻሕፍት ውስጥ ተጽፈው እስከ ዛሬ ቆይተዋል። ወንጌል የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከቤተ መቅደስ የማይወጣ፣ ማንም ገጹን ለመቅደድ ወይም ለመፋቅ የማይደፍረው መጽሐፍ ነው። ጽሑፉን የለወጠ የተወገዘ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያም ይታከልበት ነበር። በኋላ በጎንደር ዘመን ደግሞ ልማዱ ሰፍቶ፣ ሰው መሬት ሲሸጥ፣ ሲናዘዝ ወይም ሲሰጥ ነገሩ የምስክሮቹ ስም ተዘርዝሮ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። ከዚህ ልማድ ልንወስደው የሚገባ ቁም ነገር አለ። እነዚያ ጸሐፊዎች አገሩን ሁሉ በአንድ ዘመቻ አልመዘገቡም። መሬት ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር፣ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ፣ ያንኑ ለውጥ ጻፉ። መዝገቡ ከነገሩ ጋር እኩል ይራመድ ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ ርስትና ጉልት ቀርቶ ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ በኩል የመጠቀም መብት አገኘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ገበሬውም በነጻ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ደነገገ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ በ1992፣ በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በፌዴራል ደረጃም አዋጅ ቁጥር 1324 በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። የመጀመሪያ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ በክልላችን በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ተጀመረ። ሥራውን የሠሩት ሕዝብ የመረጣቸው የቀበሌ የመሬት ኮሚቴዎች ናቸው። ማሳው በገመድ ተለካ፣ አዋሳኞቹ ተጠየቁ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ተነቦ ቅሬታ ተሰማበት፣ ከዚያም የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ደብተር ተሰጠ። በጊዜው ጥናት ያደረጉ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ወጪው ለአንድ ማሳ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ብዙም እንደማይበልጥ ገምተዋል፤ በዓለም ላይ ከታዩት ርካሽ ምዝገባዎች አንዱ ነበር።

ጥቅሙንም መካድ አይገባም። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች መሬታቸው ይወሰድብናል የሚለው ስጋት ቀንሶላቸዋል፤ እርከን ሠርተው አፈሩን ለመጠበቅ ተበራትተዋል፤ መሬት ማከራየትና መከራየትም ጨምሯል። ሴቶች ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከባላቸው እኩል በደብተሩ ላይ መስፈሩ ደግሞ በፍቺና በውርስ ጊዜ የሚያሳዩት ነገር ሰጥቷቸዋል። ቀድሞ ማስረጃው የግብር ደረሰኝ ነበር፤ ደረሰኙም የሚቆረጠው በባል ስም ነበር። እንግዲህ ምዝገባው ዋጋ ነበረው ብለን እንነሳ። ጥያቄው ያ ዋጋ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ያህሉ ቀረ የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ለመስጠት የመጀመሪያው ደብተር እንዴት እንደተጻፈ ልብ እንበል። ደብተሩ ካርታ የለውም። ማሳው የት እንደሆነ የሚናገረው በአራቱ አቅጣጫ ያሉትን አዋሳኞች በመጥራት ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ እያለ። መንገዱና ወንዙ ብዙም አይንቀሳቀሱም፤ ሰው ግን ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ለልጁ ያወርሳል። አንድ አዋሳኝ ሲሞትና መሬቱ ለሦስት ልጆች ሲከፈል የሚያረጀው የእሱ ደብተር ብቻ አይደለም። እሱን በአዋሳኝነት የጠቀሱት የጎረቤቶቹ ደብተሮችም አብረው ያረጃሉ። አንድ ገበሬ ምንም ሳይሸጥ፣ ምንም ሳያወርስ፣ ከማሳው ሳይነቃነቅ ማስረጃው ሊዳከምበት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በዓመት ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ውርስ ሳያስመዘግቡ ቢቀሩ፣ በአሥርና በሃያ ዓመት የሚጠራቀመውን አስቡት።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ መጣ። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተካሄደው ፕሮግራም ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ የየማሳው ወሰን ተሰምሮ፣ ማሳው የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ውጤቱ ለሕዝብ ዕይታ ተለጥፎ ከነካርታው የይዞታ ማረጋገጫ ተዘጋጀ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ «ማሳው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአዋሳኝ ስም ነጻ ወጥቷል። ሆኖም ካርታው የሚመልሰው «የት?» የሚለውን ብቻ ነው። «የማን?» የሚለው ጥያቄ አሁንም በሰው ስም ላይ የቆመ ስለሆነ እንደ ድሮው ያረጃል። የሟች አባት ስም የተጻፈበት ካርታ ወሰኑን በትክክል ቢያሳይም፣ በላዩ ላይ የሚከራከሩትን አራት ወንድማማቾች ሊዳኝ አይችልም። ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ሲጠናቀቅ የመዝገብ ችግር አበቃለት የሚል ሰው ካለ የችግሩን ግማሽ ብቻ ነው ያየው።

ያልታደሰ መዝገብ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚብስ እንመልከት። ፍርድ ቤት የመሬት ክርክር ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚፈልገው ጽሑፍ ነው። መዝገቡ ከእውነታው ጋር ከተስማማ ክርክሩ ያጥራል። ካልተስማማ ግን በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው መሬቱን ከለቀቀ ዓመታት ቢያልፉም ብልጫ ይዞ ይገባል፤ ማሳውን ስታርስ የኖረችው ባልቴት ወይም አያቱን ጦሮ መሬቱን በስጦታ የተቀበለው የልጅ ልጅ ደግሞ የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። ምስክር ማምጣት፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን መመላለስ አቅምና ጊዜ ይጠይቃል፤ ሁለቱም በበቂ የሌሉት ሰው ይሸነፋል። መንገድ ወይም የከተማ መስፋፋት መሬት ሲወስድም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣ የሚከፍለው ሕጋዊ ባለይዞታ መሆኑን ላረጋገጠ ነው። ብድርም ከዚሁ አያመልጥም። የክልሉ የ2009 እና የፌዴራሉ የ2016 አዋጆች ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍተዋል፤ አበዳሪው ግን በሟች ስም ያለ ማረጋገጫ ይዞ ገንዘብ አይሰጥም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እንማራለን። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የስዊነርተን ዕቅድ መሠረት የገበሬዎች መሬት ተጠቃልሎ ተመዘገበ፤ ባለቤትነትም በወረቀት ተሰጠ። ቤተሰቦች ግን ውርሱን እንደ ልማዳቸው እየተከፋፈሉ ወደ መዝገብ ቤት ሳይሄዱ ቀሩ፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ በብዙ ቦታ መዝገቡ የሙታን ስም ዝርዝር ሆነ። ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ባሉት ጥቂት ዓመታት ከአሥር ሚሊዮን በላይ ማሳዎችን መዝግባ ዓለምን አስደነቀች። ከዚያ በኋላ ግን የዝውውር ክፍያው ለሰፊውም ለጠባቡም መሬት አንድ ዓይነት በመሆኑ ትንሽ ማሳ ላለው ገበሬ ከበደው፤ የእርሻ መሬት ከአንድ ሄክታር በታች እንዳይከፈል በጊዜው ይከለክል የነበረው ሕግም ታከለበትና ብዙ የገጠር ሽያጭና ውርስ ከመዝገብ ውጭ ማለፍ ጀመረ። አንዱ አገር ቀስ ብሎ፣ ሌላው ፈጥኖ መዘገበ፤ ሁለቱም የተሰናከሉት ግን ከምዝገባው ማግሥት ባለው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ከአድማጮቻችን መካከል «የመሬታችንን ወሰን ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል፤ ወረቀቱ ቢያረጅስ ምን ይጎዳናል?» የሚሉ ይኖራሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው። የመጀመሪያው ምዝገባ ራሱ የተሳካው በሽማግሌዎችና በአዋሳኞች ምስክርነት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ወሰን የተገፋበት ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። ግን አንድ ነገር እንጨምርበት። የሽማግሌ እውቀት ሽማግሌው ባለበት ቦታ ብቻ የሚኖር እውቀት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ተጓጉዞ ሰፍሯል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሕዝቡ ከቀየው ተፈናቅሏል፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ምስክሩና ማሳው በተለያዩበት ዘመን በምስክር ብቻ መተማመን አያዋጣም። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው። የሽማግሌዎቹን እውቀት የምናከብረው እነሱ በሕይወት ሳሉ ወደ መዝገብ ስናስገባው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ችግሩ ወረቀቱ ነው፤ ኮምፒውተር ሲገባ ሁሉም ይስተካከላል» ይላሉ። በእርግጥም በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት በየወረዳው እየተዘረጋ ነው፤ ፋይል ፈልጎ ማግኘት ያቀላል፣ አንዱን ማሳ ለሁለት ሰው መመዝገብንም አስቸጋሪ ያደርጋል። ሆኖም ኮምፒውተር ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተፋታ በራሱ አያውቅም። የተሳሳተ ስም ከባሕር መዝገቡ ላይ ቀድተን ብናስገባበት ስህተቱን በፍጥነት ያባዛዋል፤ በሕትመት አምሮ ሲወጣ ደግሞ የሚጠራጠረው ሰው ይጠፋል። የማሽን ሌላው ድካም መጥፋቱ ነው። ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰበት ጊዜ የመንግሥት ቢሮዎች መዘረፋቸውንና መውደማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ መዝገብ፣ ወረቀትም ይሁን ኮምፒውተር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ቅጂው በወረዳ፣ በዞንና በባሕር ዳር ሊኖር ይገባል፤ ቅጂውም በየጊዜው የሚታደስ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጮክ ተብሎ ባይነገርም በብዙ ቤት አለ። «ስማችንና መሬታችን በመንግሥት መዝገብ በተጣራ ቁጥር ግብር ይጨመርብናል፤ ይባስም ብሎ ተቆርሶ ለሌላ ይሰጥብናል» የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በደርግ ዘመን መሬት በየጊዜው ተሸንሽኗል፤ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው ሽግሽግም በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኃላፊነት የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው ተቀንሷል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሽግሽጎች የተጣራ መዝገብ ስላለ አልመጡም። የተከናወኑት በኮሚቴ ስብሰባና በስም ዝርዝር ነበር፤ መሬቱ የተቀነሰበት ሰው የሚያቀርበው ወረቀት ስላልነበረው ይግባኙ ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ። መሬት ሊወስድ የሚፈልግ ሰው የሚመቸው የተምታታ መዝገብ ነው፤ የጠራ መዝገብ ግን ለምን ተወሰደ፣ ካሣውስ የት አለ ብሎ ለመጠየቅ ያበቃል። የመሬት መጠቀሚያ ግብርን በተመለከተም፣ ወንድማማቾች የተካፈሉትን ማሳ ሳያስመዘግቡ ቢቀሩ ግብሩ አይቀርም፤ በሟች ስም እየመጣ አንዱ ለሁሉም ይከፍላል፣ ከዚያ ደግሞ ደረሰኙን ይዞ መሬቱ የእኔ ነው ይላል።

እንግዲህ ማደስ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ሰዉ ለምን አያሳድስም? ገበሬውን ቸልተኛ ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአካባቢያችን በዋድላ አምባና በተከዜ ተፋሰስ ቆላ ለሚኖር ሰው ወረዳ ጽሕፈት ቤት መሄድ የአንድ ቀን እርሻ መተው ነው፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል ከተባለ ሁለት ቀን ይሆናል። ውርስ ለማዞር የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት፣ ድጋፍ ከቀበሌ ማምጣት ያስፈልጋል። የማሳ ትንሹ መጠን የሚባለውም ደንብ አለ፤ ሕጉ መሬት ከተወሰነ ስፋት በታች እንዳይቆራረጥ ስለሚከለክል፣ ሁለት ጥማድ የወረሱ አራት ልጆች ብንሄድ ይከለክሉናል ብለው በቤታቸው ተካፍለው ዝም ይላሉ። ክልከላው ማሳው እንዳይቆራረጥ አላደረገም፤ የተቆራረጠው ማሳ እንዳይመዘገብ ግን አድርጓል። ለዚህ ሕጉ ራሱ መውጫ አለው፤ ወራሾች መሬቱን በጋራ ይዞታነት በሁሉም ስም አስመዝግበው አጠቃቀሙን በስምምነት መደልደል ይችላሉ። ይህን የሚያስረዳቸው ባለሙያ ካላገኙ ግን መውጫው መኖሩን አያውቁም።

ከዚህ ተነስተን ጽሕፈት ቤቶቹ ሊያደርጉ የሚችሉትን እናንሳ። በጀት የለም፣ ሠራተኛ አይበቃም የሚለው መልስ እውነትነት ቢኖረውም፣ የመጀመሪያው ምዝገባ በርካሽ የተሠራው ሥራው በቀበሌ፣ በቀበሌው ሰዎች ስለተሠራ መሆኑን አንርሳ። ማደሱም ወደዚያው ቢመለስ፣ ባለሙያው በታወቀ ቀን በየቀበሌው ቢገኝ፣ መቶ ሰው ወደ ወረዳ ከሚጓዝ አንድ ሰው ወደ መቶዎቹ ይሄዳል። ሌላም በእጃችን ያለ መሣሪያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀበሌ ደረጃ ይካሄዳል፤ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በዚያ ይመዘገባሉ። መሬትን ከእጅ ወደ እጅ የሚያሳልፉት ዋና ዋና ምክንያቶችም እነዚሁ ናቸው። ሆኖም ሁለቱ መዝገቦች አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሞት በተመዘገበ ቁጥር ማስታወቂያው ለመሬት ባለሙያው ቢደርስና ወራሾቹ እንዲቀርቡ ቢጠሩ፣ መዝገቡ ማንም እስኪከራከር ሳይጠብቅ ይታደሳል። ማደስ በበዛ ቁጥር ጉቦ የሚጠየቅበት በር ይበዛል የሚል ስጋትም አለ፤ ትክክል ነው። መድኃኒቱ የመጀመሪያው ምዝገባ የተጠቀመበት ነው፤ እያንዳንዱ ለውጥ ከመጽደቁ በፊት በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በሕዝብ ፊት ይነበብ፣ አመልካቹም ቀን የተጻፈበት የመረከቢያ ወረቀት ይያዝ። በሕዝብ ፊት የሚሠራ ሥራ ለጉቦ አይመችም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የእናንተም ድርሻ አለ። የዝግጅታችን ፍሬ ሐሳብ ለውጡን ምስክሩ ሳይርቅ ማስመዝገብ ነውና፣ ቤታችሁ ስትገቡ ደብተራችሁን አውጡና አንብቡት፤ ማንበብ የማይችል በልጁ ያስነብብ። በላዩ ላይ ያለው ስም በሕይወት ያለ ሰው ነው ወይ? የባልም የሚስትም ስም አለ ወይ? የማሳዎቹ ቁጥር ከምታርሱት ጋር ይስማማል ወይ? አንዱ እንኳ ካልተስማማ፣ ደብተሩንና ያላችሁን ማስረጃ ይዛችሁ የቀበሌያችሁን የመሬት ባለሙያ ጠይቁ፤ ምን እንደሚጎድል በዝርዝር እንዲነግራችሁ፣ ማመልከቻችሁን የተቀበለበትንም ቀን እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። አባት የሞተባችሁ ወንድምና እህቶች ክርክር ሳይነሳ፣ ተስማምታችሁ ሳላችሁ አስመዝግቡ፤ ከጠብ በኋላ የሚደረግ ምዝገባ ዳኛና ጠበቃ ይፈልጋል። መሬት በስጦታ የተቀበላችሁ ሰጪው በሕይወት ሳለ ውሉን ወደ መዝገብ አስገቡ። መሬታችሁን ረዘም ላለ ጊዜ የምታከራዩም ውሉን አጽፋችሁ አስመዝግቡ፤ የኪራይ ዘመን ሲረዝም ተከራዩ ባለይዞታ መምሰል ይጀምራል። የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎች ደግሞ በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ ከተሰጡት ደብተሮች ብዛት ጎን አንድ ተጨማሪ ቁጥር ጻፉ፦ በዓመቱ ውስጥ ከሞቱት ባለይዞታዎች የስንቱ መሬት ወደ ወራሽ ስም ዞረ? የመዝገባችሁን ጤንነት የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው።